ዘፋኙ ካውቦይ በፊልምና በታሪክ



የዛሬው ንግግራችን ከአንድ ጎረቤቴ ጥያቄ የተነሣ ነው። እኒህ አባት በኮልፌ ቀራንዮ ከቤቴ ትይዩ የሚኖሩ፥ ሠላሳ ዓመት ያህል በመዝገብ ቤት ሠርተው በጡረታ የተሰናበቱ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። አንድ ቀን ማታ ከደጃፋቸው ተቀምጠን ስንጫወት፥ «ልጄ፥ አንተ በራዲዮ ታሪክ ትናገራለህና እስቲ አንድ ነገር አስረዳኝ። በልጅነቴ በሲኒማ ያየሁት፥ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ እየዘፈነ ከብት የሚነዳው ሰው በእውነት በዚህ ዓለም ኖሯል? ወይስ ፈረንጆች ለጨዋታ የፈጠሩት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ጋሼ፥ ይኸ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ለምን አሳሰበዎ?» ብላቸው የሚከተለውን አጫወቱኝ።

እኒህ አባት በተወለዱበት ዘመን የቀራንዮ አካባቢ ዛሬ እንደምናየው ሕንፃና አስፋልት የሞላበት አልነበረም፤ ሜዳውና ገደላገደሉ የከብት መሰማርያ ነበር። እሳቸውም የአባታቸውን ከብት ሲጠብቁ አድገው፥ ዘግየት ብለው ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያም የከተማ ልጆች «እረኛ! እበት እበት ትሸታለህ!» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀን ያጠራቀሟትን ሳንቲም ይዘው፥ ከኮልፌ እስከ መርካቶ በእግራቸው ተጕዘው፥ በኋላ ራስ ቴአትር ወደ ተባለው ወደ ሲኒማ ራስ ገቡ። ያን ዘፋኝ ፈረሰኛ ያዩትም በዚያ ቀን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህራቸው ካውቦይ የሚለውን ቃል ለሁለት ከፍለው፥ «ካው ማለት ላም፥ ቦይ ማለት ልጅ ነው» ብለው አስረዷቸው። «እንግዲያው ካውቦይ ማለት እረኛ ማለት ነው አልሁ በልቤ» አሉኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ እረኛ ሲሉኝ አላፈርሁም፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ጀመር። አሁን በስተርጅና ግን ሳስበው፥ ያ ሰው ሐሰት ከሆነ ኩራቴም የሐሰት ኩራት ነበረ ማለት ነው።»

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ይኸ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ለእሳቸውም ለእናንተም ለማካፈል ወደድሁ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፥ «የኢትዮጵያ» ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ እውነተኛው ካውቦይ ማን እንደ ነበረ እንመልከት። ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት በተፈጸመ ጊዜ፥ በቴክሳስ ሜዳ ላይ ቀንደ ረዣዥም ከብቶች እጅግ በዝተው ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ ያሉት ታላላቅ ከተሞች ደግሞ ሥጋ ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ከዚያ የከብት አገር ወደ ሰሜን የሚያደርስ የባቡር ሐዲድ ገና አልነበረም። ስለዚህ በ1867 በካንሳስ ግዛት አቢሊን በምትባል ትንሽ ከተማ የባቡር መጫኛ በረት በተዘጋጀ ጊዜ፥ ከቴክሳስ እስከዚያ ድረስ ከብቱን በእግር መንዳት ተጀመረ። አሥር ወይም አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ሁለት ሺሕና ሦስት ሺሕ ከብት ይዘው፥ ወንዝ እየተሻገሩ፥ አቧራ እየዋጡ፥ ሁለትና ሦስት ወር ይጓዙ ነበር። ደመወዛቸውም በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር ቢሆን ነው። ካውቦይ ማለት እንግዲህ ይኸ የቀን ድካምተኛ ነበረ።

ሙያውንም የተማሩት ከሜክሲኮ እረኞች ነው። ሜክሲኮዎች እረኛቸውን ቫኬሮ ይሉታል፤ ቃሉም በእስፓኝ ቋንቋ ላም ማለት ከሆነው ቫካ ከሚለው የወጣ ነው። የኮርቻው አሠራር፥ የመጥለፊያው ገመድ አጣጣልም ከነሱ የተወረሰ ነው። ከዚህም ሌላ ከባርነት ነጻ የወጡ ብዙ ጥቁሮች በዚህ ሥራ ተሰማርተው ነበር፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከአራቱ ካውቦዮች አንዱ ጥቁር እንደ ነበረ ይገምታሉ። ከነሱም አንዱ፥ በባርነት የተወለደው ናት ላቭ፥ የራሱን የሕይወት ታሪክ ጽፎ በ1907 አሳትሟል።

ወደ ዘፈኑ ስንመጣ፥ የጎረቤቴ ጥያቄ ግማሹ መልስ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። እውነተኞቹ ካውቦዮች በእርግጥ ይዘፍኑ ነበር። ሌሊት መንጋው ተኝቶ ሳለ ሁለት ሰዎች በፈረስ ሆነው፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፥ መንጋውን ይዞሩታል። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ መብረቅ ቢጮኽ ወይም አንድ እንጨት ቢሰበር፥ ሺሕ ከብት ባንድ ጊዜ ደንብሮ ይነሣና ያገኘውን ሰው ሁሉ ረግጦ ያልፋል። ስለዚህ ጠባቂዎቹ በለሆሳስ ያንጐራጕሩ ነበር። ከብቱ የሚያውቀውን የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል፤ ፈረሰኛውም እንቅልፉን ይገፋበታል። ይኸ ዘፈን ለተመልካች የሚዘፈን አልነበረም፤ የሥራው መሣሪያ ነበረ። ቴክሳስ ያደገው ጆን ሎማክስ የተባለው ሊቅ እንደነዚህ ያሉትን ዘፈኖች ከየቦታው ለቅሞ በ1910 በመጽሐፍ ባያወጣቸው ኖሮ ብዙዎቹ ጠፍተው ይቀሩ ነበር።

የረዥሙ የከብት ጕዞ ዘመን ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ነው የቈየው። በ1874 ጆሴፍ ግሊደን የተባለ ገበሬ ለእሾኻማው ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ሽቦውም ሜዳውን ከፋፍሎ አጠረው። ሐዲዱም ወደ ደቡብ ወረደ። ከ1886 እስከ 1887 የወረደው ብርቱ የክረምት በረዶ ደግሞ በሰሜኑ ሜዳ የነበረውን ከብት ፈጀው። ከዚህ በኋላ ካውቦይ በአጥር ውስጥ የሚሠራ ቅጥረኛ ሆነ። ሰውየው ከሜዳው በራቀ ጊዜ ግን በሥዕል መታየት ጀመረ።

በ1903 ኤድዊን ፖርተር ያዘጋጀው «ታላቁ የባቡር ዝርፊያ» የተባለው አጭር ፊልም ወንበዴንና ፈረሰኛን ለሕዝብ አሳየ። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። በአገራችንም ተንቀሳቃሽ ሥዕል በመጀመሪያ በታየ ጊዜ ነገሩ ለሕዝቡ እንግዳ ስለ ሆነ፥ በአዲስ አበባ የሲኒማው ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደ ነበር ሁላችሁም የምታውቁት ነው። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም የሰው ዘፈንና ንግግር ባሰማ ጊዜ የሲኒማ ሥራ ሁሉ ተናወጠ። ማይክሮፎኑ ካንድ ቦታ ስለማይነቃነቅ፥ የካሜራውም ድምፅ እንዳይሰማ በሣጥን ውስጥ ስለሚዘጋ፥ የፈረስ ግልቢያ ፊልም እንግዲህ አበቃለት ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን በ1929 መጀመሪያ ላይ የወጣው «ኢን ኦልድ አሪዞና» የተባለው ፊልም ማይክሮፎኑን ወደ ሜዳ አውጥቶ፥ የፈረሱን ኮቴና የሰውየውን ዘፈን ከውጭ ቀድቶ አሰማ። ዋናው ተዋናይ ዋርነር ባክስተርም በዚሁ ሥራው የአካዳሚውን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ኬን ሜይናርድ የተባለው ፈረሰኛ በፊልም ውስጥ ራሱ ዘፈነ። በ1933 ደግሞ በኋላ ዝነኛ የሆነው ጆን ዌይን ዘፋኝ ካውቦይ ሆኖ ቀረበ፤ የሚሰማው ድምፅ ግን የሌላ ሰው ነበረ።

ይኸን የፊልም ዓይነት በእውነት ያቆመው ጂን ኦትሪ ነው። ይኸ ሰው በ1907 በቴክሳስ ቲዮጋ በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በኦክላሆማ የባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ኦፔራተር ነበረ። ሥራ ባልበዛበት የሌሊት ሰዓት ጊታሩን እየመታ ያንጐራጕር ነበር። ኋላም በተልሳ ከተማ ራዲዮ መዝፈን ጀመረ፤ በ1931 ስለ ሸበተ አባት ያስቀረጸው ሸክላ እጅግ ተሸጠለት። ቀጥሎም በቺካጎ ራዲዮ ስሙ ገነነ። እዚህ ላይ አድማጮቼ ልብ ይበሉልኝ፤ ይኸን ሰው ዝነኛ ያደረገው ከብት መንዳት አይደለም። ሸክላና ራዲዮ ናቸው። እኛም አገር ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1914ቱ የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ማስቀረጻቸው ይታወሳል፤ ሸክላ የሰውን ድምፅ ከሰውየው ለይቶ እሱ ወዳልደረሰበት አገር እንደሚያደርስ ከዚያ እንረዳለን።

ኦትሪ በ1934 ናት ሌቪን በተባለ የፊልም ነጋዴ አማካይነት ወደ ሆሊውድ ሄደ። በ1935 የተሠራለት ባለ 12 ክፍል ተከታታይ ፊልም እኔን የራዲዮ ሠራተኛውን ሳያስቀኝ አልቀረም። በዚህ ፊልም ኦትሪ ከምድር በታች በምትገኝ ሙራኒያ በምትባል መንግሥት ሰዎች ይማረካል፤ ጭንቀቱ ሁሉ ግን ከቀኑ በስምንት ሰዓት ወደ እርሻው ተመልሶ በራዲዮ መዝፈን ስላለበት ነው። ሰዓቱ ካለፈ ውሉ ይፈርሳል! በዚሁ ዓመት ሪፐብሊክ የተባለው አዲስ የፊልም ኩባንያ «ተምብሊንግ ተምብልዊድስ» የተባለውን ፊልም አወጣለት፤ የዘፋኝ ካውቦይ ፊልምም ከዚህ ወዲህ እንደ አሸን ፈላ። ኦትሪ በዘመኑ ከ90 በላይ ፊልም ሠርቷል፤ ከ600 የሚበልጥ ዘፈንም አስቀርጿል።

ሕዝቡ ይኸን ያህል የወደደው ለምን ነበር? ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበረ። በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ ፈት ነበር። ገበሬው መሬቱን በባንክ ዕዳ ይነጠቃል፤ ነፋስ የእርሻውን አፈር ጠርጎ ይወስዳል። እነዚህ ፊልሞች በጥቂት ገንዘብና በጥቂት ቀናት የሚሠሩ፥ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ የሚፈጁ ነበሩ። በነሱ ውስጥ ክፉው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታ አይደለም፤ የድኻውን መሬትና ውሃ በብልኃት የሚነጥቅ ነጋዴ ወይም ሹም ነው። በ1938 የወጣው «አንደር ዌስተርን ስታርስ» የተባለው ፊልም ለዚህ ምስክር ነው። ኦትሪ ከኩባንያው ጋር በደመወዝ ተጣልቶ ስለ ነበር፥ በቦታው ሮይ ሮጀርስ የተባለ ወጣት ተተካ። ሮጀርስ የመጀመሪያ ስሙ ሊዮናርድ ስላይ ሲሆን በ1911 በሲንሲናቲ ከተማ ተወለደ፤ በካሊፎርኒያ ፍሬ በመልቀምና የጭነት መኪና በመንዳት የኖረ ነበር። በዚህ ፊልም ውስጥ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ይመረጥና፥ ድርቅ ለመታው አገር ሰዎች ውሃ እንዲለቀቅላቸው በዋሽንግተን ይከራከራል። ሕዝቡም የራሱን አቤቱታ በዘፈን ሲሰማ እንዴት አይወድ!

ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ እነዚህ ፊልሞች እንግዳ የማይሆኑበት ሌላ ምክንያት ነበራቸው። የኦትሪ ፈረስ ቻምፒየን፥ የሮጀርስ ፈረስ ትሪገር ይባሉ ነበር፤ ስማቸውም ከጌቶቻቸው ስም ጋር በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ ነበር። በኛ ባህል ደግሞ ጌታው ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ላደገ ሕዝብ፥ ፈረሰኛ ጀግና ሲዘፍን ማየት ተፈጥሯዊ ነው።

ነገር ግን እነዚህ ፊልሞች የደበቁት ብዙ ነበር። አቧራው፥ ጥቂቱ ደመወዝ፥ ሌሊት መንጋ መጠበቁ አልታየም። ልብሱ የተጠለፈና የተተኰሰ፥ ባርኔጣው ንጹሕ ሆነ። ሜክሲኮው ሙያውን እንዳላስተማረ ሁሉ ብዙ ጊዜ አገልጋይ ወይም ወንበዴ ሆኖ ቀረበ። ጥቁሩ ካውቦይማ ከሥዕሉ ፈጽሞ ጠፋ ለማለት ይቻላል።

ይኸን ጕድለት አይቶ ዝም ያላለ አንድ ሰው ተገኘ፤ ይኸውም ኸርብ ጀፍሪስ የተባለው ዘፋኝ ነው። በቺካጎ ከአርል ሃይንስ የሙዚቃ ጓድ ጋር ይዘፍን የነበረው ይኸ ሰው፥ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮች በተለየ ሲኒማ ቤት ተቀምጠው የነጭ ካውቦይ ብቻ ሲያዩ ተመለከተና፥ የነሱን መልክ የሚመስል ካውቦይ እንዲኖራቸው አሰበ። በ1937 «ሃርለም ኦን ዘ ፕሬሪ» የተባለው ፊልም በዚህ አሳብ ተሠራ፤ ተዋናዮቹም ጥቁሮች ነበሩ። እስከ 1939 ድረስ ሌሎች ሦስት ተከተሉ፤ ከነሱም አንዳንዶቹ የተነሡት በካሊፎርኒያ በረሓ መሪ የተባለ ጥቁር ቤተ ሰብ ባቋቋመው የእንግዳ ማረፊያ እርሻ ነው። ጀፍሪስ ያሳየው ነገር ልብ ወለድ ቢሆንም፥ በሜዳው የጥቁር ፈረሰኛ መኖር ግን እውነት ነበረ። ስለዚህ ከሁሉም ዘፋኝ ካውቦዮች ወደ ታሪኩ የቀረበው፥ ጥቂት ገንዘብ የወጣበትና ጥቂት ሰው ያየው የሱ ፊልም ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

1937 ለኛ ምን ዓመት እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 የኢትዮጵያ ዓመት በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም ነበር። ወራሪው የኢጣልያ መንግሥት ከተማይቱን በዘር ለመክፈል አቅዶ፥ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ያዛወረው በዚያ ዘመን ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ዶክተር መላኩ በያን በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ የሃርለም ጥቁሮችም ለኢትዮጵያ ነጻነት ይሰለፉ ነበር። ራሱን በሥዕል ለማየት የተነሣው የአሜሪካ ጥቁርና ለኢትዮጵያ ያለቀሰው የአሜሪካ ጥቁር አንድ ሕዝብ ነው። በአሜሪካ የተለየ ሲኒማ፥ በአዲስ አበባ የተለየ ገበያ የሠራው አሳብም አንድ ነበር።

የዘፋኝ ካውቦይ ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እየደከመ ሄደ። ኦትሪ በ1950 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ በሲኒማም መሪ ተዋናይ የሆነበት የመጨረሻው ፊልም በ1953 ወጣ። በ1952 በወጣው «ሃይ ኑን» በተባለው ዝነኛ ፊልም ዘፈኑ የሚሰማው ከሥዕሉ ውጭ ነው፤ ዘፋኙም የቀድሞው ዘፋኝ ካውቦይ ቴክስ ሪተር ነበረ። ጀግናው ግን አይዘፍንም፤ ብቻውን ይፈራል፥ ብቻውን ይዋጋል። ከዚህ በኋላ የሚዘፍን ፈረሰኛ ለልጆች ጨዋታ ብቻ ተቈጠረ። ኦትሪና ሮጀርስ ሁለቱም በ1998 ዐረፉ፤ ጀፍሪስ መቶ ዓመት አልፎት በ2014 ተከተላቸው።

ክቡራን አድማጮች ሆይ፤ ይኸን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ ለጎረቤቴ የሰጠኋቸው መልስ እንዲህ የሚል ነው። «ጋሼ፥ በነጭ ፈረስ ያዩት ሰው የራዲዮና የሲኒማ ፍጥረት ነው፤ እንደዚያ ያለ ካውቦይ አልነበረም። ነገር ግን በሌሊት ለከብቱ የሚያንጐራጕር ድኻ እረኛ በእውነት ነበረ፤ ከነዚያም ብዙዎቹ እንደኛ ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ ኩራትዎ የሐሰት አልነበረም። የኰሩት በሥዕሉ ቢሆንም እውነቱ ከሥዕሉ በታች ነበረ።»

እኒህ አባት ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «እኔም እኮ እዘፍን ነበር» አሉ። «ጕሬዛ የሚሏት ላም ነበረችን፤ ሳላንጐራጕርላት ወደ ቤት አትገባም ነበር።» እኔም ድምፅ መቅጃዬን አምጥቼ ዜማውን እንዲያሰሙኝ ለመንኋቸው። በመጀመሪያ አፈሩ፤ በኋላ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በቀጭን ድምፅ ጀመሩ። የልጅ ልጆቻቸው ያን ዜማ ሰምተውት አያውቁም ነበርና ከቤት ወጥተው ከበቡን።

እነሆ ልናገረው የፈለግሁት ዋና ነገር ይኸ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ረዥም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 የኢትዮጵያ ዓመት ከታየ ወዲህ፥ የፊልም ሥራ በኛም እጅ ገብቷል። ድምፅ መቅጃም ዛሬ በየኪሳችን አለ። አሜሪካኖች የእረኞቻቸውን እውነተኛ ዘፈን ለማወቅ የሚችሉት ዘፋኙ ካውቦይ በሲኒማ ከመታየቱ በፊት የለቀመላቸው ሰው ስለ ነበረ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች፥ አብዛኞቻችን የእረኛ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ነን። በየቤታችን ያሉት አባቶችና እናቶች ከብት ሲጠብቁ የዘፈኑትን እስካሁን ያስታውሳሉ፤ ነገር ግን የሚጠይቃቸው የለም። በሚመጣው የዕረፍት ቀን አንድ ሰዓት ወስደን ብንጠይቃቸውና ብንቀዳላቸው፥ ዘፈኑን የዘፈነው ሰው ስም፥ የዘፈነበትም ቦታ ተጽፎ ቢቀመጥ፥ ኋላ የሚመጣው የፊልም ሠሪ ጌጥ ሳይፈልግ እውነቱን የሚያገኝበት መዝገብ ይኖረዋል። የጎረቤቴ ዜማ ከነስማቸውና ከነመንደራቸው ተጽፎ እኔ ዘንድ ተቀምጧል።